የሲምባሉ ሌባ

የመጨረሻው ብሎን እምቢ አለ። ቀለም ቀቢዋ ትልቁን ከበሮ በጉልበቶቿ መሀል አጣብቃ፣ ፒንሳውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ ብትታገለው ንቅንቅ አልል አላት። ነጭ ጋዝ አንጠባጠበችበት፤ ትንሽ ታገሰችው፤ እንደገና ያዘችው። ዝገቱ አብሮት የተወለደ ይመስል ሙጭጭ ብሏል።

"ተይው ባክሽ፣ እጅሽን ትቆርጪዋለሽ" አለች እናቷ የጓዳውን በር ተደግፋ።

"አንድ ብቻ ነው የቀረኝ፣ እማ። ይቺ ከለቀቀችልኝ ጨረስኩ።"

"ከጠዋት ጀምሮ አንድ ብቻ ቀረኝ እያልሽኝ ነው።"

እናት አልተሳሳተችም። የጓሮው ሲሚንቶ ወለል በሙሉ ባረጀ አንሶላ ተሸፍኗል፤ አንሶላው ላይ የከበሮዎቹ የብረት ቀለበት፣ መንጠቆው፣ እግሩ፣ ፔዳሉ፣ ስፕሪንጉ ተበትኗል። ላየው ሰው የፈረሰ ሞተር የሚገጣጠምበት እንጂ የሙዚቃ መሣሪያ የሚታደስበት ቦታ አይመስልም። ቀለም ቀቢዋ ደግሞ ሌላ አሠራር አታውቅም። በሥራ ቀን የምትውለው ጋራዥ፣ መኪና ስትቀባ ነው። እዚያ "መስታወት" ነው የሚሏት። ተጋጭቶ፣ ተጨማዶ የመጣ መኪና እሷ እጅ ከገባ፣ ሲወጣ ሴቶች ሊፕስቲክ የሚቀቡበት በር ይዞ ነው የሚወጣው እያሉ ይቀልዱባታል። በቀልዱ አብራቸው ትስቃለች፤ በልቧ ግን ትኮራበታለች።

ብሎኑ በስንት መከራ፣ እየጮኸ ተፈታ። የትልቁን ከበሮ ቆዳ ስታነሳው ውስጡ የተጣጠፈ ነገር አገኘች። ጎትታ አወጣችው። አቧራ የጠጣ፣ ጫፉ በአይጥ የተበላ፣ ትንሽ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ነው። ከበሮው ሲመታ እንዳያስተጋባ ድራም ተጫዋቾች ጨርቅ እንደሚወትፉበት ታውቃለች። እናቷ ግን አፏን በእጇ ያዘች።

"ይሄ እኮ ያንቺ ነው! ሕፃን ሆነሽ የምጠቀልልሽ! ስንት ዓመት ፈለግኩት መሰለሽ። ከገመድ ላይ ወሰደችው ብዬ ጎረቤቴን አኩርፌ፣ ሰላም ሳልላት ከሰፈር ወጣች እኮ።"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ጓዳው ውስጥ የተኙትን አባት እንዳይቀሰቅሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ድራም ተጫዋች ነበሩ። የባንዱ ሰዎች "ሰዓት" ይሏቸው ነበር። ዘፋኙ ቢቸኩል፣ ጊታሩ ቢዘገይ፣ እሳቸው ከምታቸው ንቅንቅ አይሉም። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን መርሳት ጀመሩ። መጀመሪያ ቁልፍ ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የቤታቸው መንገድ፤ ከዚያ የሰው ስም። ቤተሰቡም እያንዳንዱን እየለመደ፣ "ይሄ እንኳን ቀላል ነው" እየተባባለ ከረመ። ያለፈው ሳምንት የመጣው ግን የሚለመድ አልነበረም።

ያን ዕለት ቀለም ቀቢዋ ከሥራ ስትመለስ ዳቦ ይዛ ገባች። አባቷ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ። ባለቤቴ ሱቅ ድረስ ሄዳ ነው፤ አሁን ትመጣለች" አሏት። ቀልደኛ ሰው ስለነበሩ መጀመሪያ ሳቀች። እሳቸው ግን አልሳቁም። ወንበር አራግፈው አስቀመጧትና እንግዳ እንዳይሰለቻት ስለ አየሩ ሁኔታ ያጫውቷት ጀመር። እናቷ ስትመለስ ልጇ ዳቦውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣ አገኘቻት።

በማግስቱ ለጋሼ ጡሩምባ ደወለች። ጋሼ ጡሩምባ የአባቷ የልብ ጓደኛና የባንዱ ጡሩምባ ነፊ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ግን በሙያቸው ብቻ አይደለም፤ የነገሯቸው ነገር አፋቸው ውስጥ ስለማያድርም ጭምር ነው። እሷ ስታለቅስ ዝም ብለው አዳመጧት።

"አይዞሽ፣ ልጄ" አሏት በመጨረሻ። "ባለፈው ልጠይቀው መጥቼ የድሮ ዜማ ባፏጭለት በማንኪያ ጠረጴዛውን እየመታ ተከተለኝ። አንዲት ምት አልሳተም። ሰውየው የትም አልሄደም፤ ድራሙ ኋላ ተቀምጦ እየጠበቀን ነው።"

ይቺን ቃል ይዛ ነው እንግዲህ ዕቃ ቤቱን የከፈተችው። ድራሙ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ እዚያ ተቆልፎበት፣ ጣሪያው ሲያፈስበት ኖሯል። እንደ አዲስ ልታደርገው፣ አባቷን አምጥታ ልታስቀምጣቸው፣ እሳቸውም ሲመቱ ዓይናቸው ሊጠራ፣ ቀና ብለው አይተው ሊያውቋት ነበር ሐሳቧ። ሌላ ነገር አልፈለገችም፤ አንዴ እንዲያውቋት ብቻ። ይሄንን ለማንም አልተናገረችም፤ እናት ግን የልጇን ልብ ለማወቅ ንግግር አያስፈልጋትም።

"እኔን እንኳን፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አብሬው የኖርኩትን፣ አንዳንዴ እህቴ እያለ ይጠራኛል" አለቻት ብርድ ልብሱን እያጣጠፈች። "እንዳትጎጂ ብዬ ነው እንጂ ሥራሽንስ ወድጄልሻለሁ።"

"አልጎዳም፣ እማ።"

"እንግዲያው ሻይ ላፍላልሽ" አለችና ገባች።

ቀለም ቀቢዋ ሥራዋን ቀጠለች። የከበሮዎቹን ገላ በሳሙና ውኃ አጠበች፤ ከአቧራው ስር የጠቆረ ቀይ፣ ዕንቁ ዕንቁ የሚል ልባጥ ወጣ። ብረታ ብረቱን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ባረጀ የጥርስ ብሩሽ የብሎኑን ጥርስ ሁሉ ፈተገችው። የተቀደዱትን ቆዳዎች ጋሼ ጡሩምባ አፈላልገው በላኩላት ለወጠች። የፔዳሉን ስፕሪንግ ቅባት አጠጣችው። የቀረው ሲምባል የሚሉት የነሐስ ሰሃን ነበር። ትንንሾቹን ሁለቱን ወደ ጎን አደረገችና ትልቁን ብድግ አደረገችው። ጠቁሯል፤ ቡኒም፣ አረንጓዴም፣ ምንም ያልሆነ ቀለም ይዟል። በተለይ ዳርና ዳሩ የተቃጠለ የድስት ክዳን ይመስላል።

"አንተን ደግሞ እኔ ነኝ የማውቅልህ" አለችው።

ከጋራዥ ተውሳ ያመጣችውን የፖሊሽ ማሽን ሰካች። የመኪና ፖሊሹን ቀባችው። ማሽኑ ሲያጉረመርም ሰሃኑ በእጇ ላይ ይሞቅ ጀመር፤ ጥቁሩ ዝቃጭ ጣቶቿ መሀል ፈሰሰ። በመጨረሻ በንፁህ ጨርቅ ጠርጋ ወደ ብርሃን ስታዞረው፣ ወርቅ ነው። ፊቷን አየችበት። ሻይ ይዛ የመጣችው እናቷም አየችበት።

"እሰይ! የሠርጋችን ዕለት እንኳን እንዲህ አላበራም" አለች እናት።

ቀለም ቀቢዋ ደስታዋን መቻል አቅቷት እናቷን ጉንጯ ላይ ሳመቻት። ከዚያ ከበሮዎቹን በየቦታቸው አቁማ፣ ሲምባሉን ማቆሚያው ላይ ሰክታ፣ ራቅ ብላ አየችው። ጋራዥ ውስጥ እንደዚህ የወጣላት መኪና አልነበረም።

ጋሼ ጡሩምባ የመጡት ያኔ ነው። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ ባርኔጣቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ድራሙን ዞሩት። ቀዩን ገላ ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"እጅሽ ይባረክ! ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለደው ይሄ ሰውዬ! እኔን እንኳን እንዲህ አድርገሽ ብትጠግኚኝ..." አሉና ድንገት ቆሙ። የዘረጉት እጅ ሲምባሉ ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ።

"ይሄን ምን አደረግሽው?"

"ወለወልኩት።"

"በምን?"

"በማሽን ነዋ። በጣም ቆሽሾ ነበር፣ ጋሼ።"

ጋሼ ጡሩምባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። የተገለበጠ ባልዲ ፈልገው ቁጭ አሉበት።

"ልጄ፣ አሮጌ ሲምባል በማሽን አይወለወልም። ቆሻሻ ያልሽው እኮ ስንት ዘመን ሲመታ፣ ሲያረጅ የያዘው ነው። ድምፁ የበሰለው በእሱ ነው። ከላይ እንደ ክር የሚሄዱ ቀጫጭን መስመሮች ነበሩት፤ አይተሻቸዋል? አሁን የሉም። የሠሪው ማኅተምም ነበረበት፤ እሱም የለም። ማሽኑ በልቶታል።" በጥፍራቸው ጫፍ ነካ አደረጉት። ሲምባሉ ወለል ላይ እንደወደቀ ትሪ ጮኸ። "ሰማሽው? ይሄ ዕቃ ድሮ እንዲህ አልነበረም የሚለው። ሲመታ እንደ መተንፈስ ነበር። አባትሽ ይሄን ሰሃን በእርጥብ ጨርቅ እንኳን ማንም እንዲነካበት አይፈቅድም ነበር።"

ቀለም ቀቢዋ ክው አለች። የተሳካላት ሥራ መስሏት ስትኮራበት የነበረው ነገር እንደ ድንጋይ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። "ይመለሳል?" አለች።

"ሲመታ፣ ሲመታ፣ ሲያረጅ ምናልባት። እኔና አባትሽ የምናየው አይደለም።"

"አይ እናንተ!" አለች እናቷ ልታረጋጋቸው ብላ። "ልጁን ያላወቀ ሰው ሰሃን ያውቃል ብላችሁ ነው የምትጨነቁት?"

ክፉ አስባ አልተናገረችውም። ግን ከአፏ ከወጣ በኋላ እናት ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች። ቀለም ቀቢዋን ከቃሉ ይልቅ ያሳፈራት የራሷ ልብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አባቷ እንዲያስታውሱ ስትለምን ከርማ፣ አሁን ደግሞ አንዲት ነገር ብቻ እንዲረሱላት ተመኘች። ሌላውን ሁሉ አስታውሰው ይቺን ቢረሱላት ብላ።

አባቷ በበሩ ብቅ አሉ። ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፤ ነጠላ ጫማቸው ግራና ቀኝ ተቀያይሯል። ድራሙን ሲያዩ ቆም አሉ።

"አባባ፣ ነቁ? ይምጡ፣ ይቀመጡ" አለች ቀለም ቀቢዋ እጃቸውን ለመያዝ እየተጠጋች።

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤቴ፤ እርስዎ አይቸገሩ" አሏት። "ማለፊያ ድራም ነው። የማን ነው?"

"የእርስዎ ነው።"

አባቷ ለሰው ቀልድ ሲባል እንደሚሳቅ በትህትና ፈገግ አሉ። ቢሆንም ሄደው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ማንም ሳይነግራቸው ወንበሩን ወደፊት ሳብ አደረጉት። ትንሹን ከበሮ ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ገፉት። በጣታቸው ጫፍ መታ መታ አደረጉት፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፣ አንዱን ብሎን ጠበቅ አደረጉ፣ እንደገና አዳመጡ። እጃቸው ወደ ጎን ተዘረጋ፤ ጋሼ ጡሩምባ ሁለቱን መምቻዎች አቀበሏቸው።

እግራቸው ትልቁን ከበሮ ረገጠ። ግራ እጃቸው በትንሹ ከበሮ መለሰለት። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ የሚጠነቀቁ ይመስል፤ ቀጥሎ ሞቅ እያለ መጣ። ፊታቸው ላይ የነበረው የእንግዳ ፈገግታ ጠፍቶ በቦታው የሥራ ፊት መጣ። ጋሼ ጡሩምባ ዓይናቸውን ጨፍነው ማፏጨት ጀመሩ። እናት በሩ ላይ ሆና እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። ቀለም ቀቢዋ አባቷ ቀና ሲሉ መጀመሪያ እሷን እንዲያዩ ብላ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ልቧ ከትልቁ ከበሮ እኩል ይመታል። ቀና አሉ። አሁን ነው፣ አለች በልቧ። ቀኝ እጃቸው ወደ ሲምባሉ ሄደ።

ትሪው ጮኸ።

አባቷ እጃቸው እንደተቃጠለ ሰው ሳብ አደረጉት። ፉጨቱም ቆመ። እንደገና፣ አሁን በመምቻው ጫፍ ብቻ ነካ አደረጉትና ጆሯቸውን አስጠጉ።

"ይሄ የኔ አይደለም" አሉ።

"ያንተው ነው፣ ወንድሜ" አሉ ጋሼ ጡሩምባ። "ተወልውሎ ነው።"

"አንተ ዝም በል! አንተ መቼ ጆሮ ኖሮህ ያውቃል!"

ጋሼ ጡሩምባ የድሮ ጓደኛቸው ከሰደቧቸው ዓመት አልፏልና ስድቡን እንደ ሽልማት ተቀበሉት። አባትዬው ግን ሲምባሉን ከማቆሚያው ላይ ነቀሉ፤ ከላይ አዩት፣ ከስር አዩት፣ በአውራ ጣታቸው ዳርና ዳሩን ዳሰሱ። "ማኅተም የለውም። የኔ ሰሃን ማኅተም አለው። የኔ ሰሃን የታለ?" ድምፃቸው ከፍ አለ። "ማነው የወሰደብኝ?" ከዚያ ፊት ለፊታቸው የቆመችውን ሴት አዩ። ከፊቷ ወደ እጆቿ ወረዱ። ጣቶቿ እስከ አንጓዋ ድረስ በፖሊሽ ጠቁረዋል።

"አንቺ!" አሉ። "አንቺ ነሽ የወሰድሽው።"

"ኧረ በስመአብ በል!" አለች እናት። "ምን ነካህ?"

ቀለም ቀቢዋ ልትመልስ አፏን ከፈተች። "ልጅዎ ነኝ" የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመዳት የከረመች ቃል ናት። ግን የአባቷን ዓይን አየች። ዓይናቸው ጠርቷል። እንደ እንግዳ በትከሻዋ አሳልፈው አይደለም የሚያዩዋት፤ እሷን ራሷን ነው የሚያዩት፤ እሷን ነው የተቆጡት። "አንቺ" ካሏትም ሳምንት አልፎ ነበር። ልጅዎ ነኝ ብትላቸው ያ ዓይን ሊደፈርስ፣ ብድግ ብለው ወንበር ሊያራግፉላት እንደሚችሉ ገባት። ደግሞስ ሰውየው ምን ተሳሳቱ? የሰሃኑን ድምፅ ማን ወሰደው?

"አዎ" አለች። "እኔ ነኝ የወሰድኩት። ይቅር ይበሉኝ።"

አባቷ ሌባ ሲያምን ለማየት አልተዘጋጁም ኖሮ ቁጣቸው የሚሄድበት አጣ። ሲምባሉን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣

"ልትሸጪው ነው?" አሏት።

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምን?"

"ስለምወደው" አለች፤ እንባዋ መጣ።

"መምታት ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"መምታት ሳትችዪ ነው የሰረቅሽው?" አሉ፣ ከምንም በላይ የገረማቸው ይሄ ሆኖ። ጋሼ ጡሩምባ ሳቃቸውን ለመደበቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አባቷ ግን አልሳቁም። ወንበሩን ተደግፈው፣ እያቃሰቱ ተነሱና ቦታውን ለቀቁላት። "ነይ፣ ተቀመጪ።"

ተቀመጠች። በሕይወቷ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም። አባቷ ልጅ ድራሙን እንዲነካ አይፈቅዱም ነበር፤ ስትለምናቸው "ትምህርትሽን ያዢ" እያሉ ነው ያሳደጓት። አሁን መምቻውን እጇ ላይ አኖሩት። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየፈቱ ያስተካክሉላት ጀመር። እጃቸው ሞቃት ነው። ስትታመም ግንባሯን ይዳብስ የነበረው ያው እጅ ነው።

"እንዲህ እንደ መዶሻ አይጨበጥም። ሊወድቅ እስኪል ነው የሚለቀቀው። እጅሽ ጥሩ ነው፤ የሠራተኛ እጅ ነው። ማነው ያስተማረሽ ሥራ?"

መልስ ከመስጠቷ በፊት እናት ከበሩ ላይ መታገስ አቃታት። "ኧረ ንገሪው!" አለች እያለቀሰች። "ልጅህ ነኝ በዪው! ጊዜው አሁን ነው፣ አሁን ካልነገርሽው መቼ ልትነግሪው ነው!"

አባቷ ወደ እናት አዩ፤ ወደ ቀለም ቀቢዋ አዩ። ግንባራቸው ተጨማደደ። እጇን የያዘው እጃቸው ላላ፤ የጠራው ዓይናቸው ከአንዷ ወደ አንዷ እየሄደ መፍራት ጀመረ።

"ሴትዮዋ ምንድን ነው የምትለው?" አሉ፣ ቀስ ብለው።

ቀለም ቀቢዋ እናቷን አየቻት፤ ተይው በሚል ራሷን ነቀነቀችላት። ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች።

"ምንም አይደለም፣ ጋሼ" አለቻቸው። "እንዴት ነው የሚለቀቀው ያሉኝ?"